ገበሩ ካልተለጠጠ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ልብስ ስፌት ነው። ወንዶች አንባቢዎቼ «ይህስ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። በአገራችን ሸማኔው ወንድ ነው፤ በሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። እንግዲያው ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

መምህርነት በጀመርሁበት ዓመት፥ ከሁለተኛው ወር ደመወዜ ቀንሼ ከመርካቶ ጥቁር የሚለጠጥ ጨርቅ ገዛሁ። ዐሳቤ ከገላ ልክክ የሚል ብሉዝ ለመስፋት ነበር። ጨርቁ ስስ ስለ ሆነ ገበር ያስፈልገው ነበርና፥ ቤት ውስጥ የተረፈ ሳቲን አግኝቼ «ገንዘብ አዳንሁ» ብዬ በእርሱ ገበርሁት። በመስተዋት ፊት ቆሜ ሳየው አማረብኝ። በማግሥቱ ለብሼው ክፍል ገባሁ፤ ከጥቁር ሰሌዳው ጫፍ ላይ ቀኑን ልጽፍ ክንዴን ባነሣሁ ጊዜ ግን ከብብቴ ሥር «ጠርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስፌቱ ከብብት እስከ ወገብ ተተረተረ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሲስቁ፥ ከፊት ያለች አንዲት ተማሪ ሹራቧን አውልቃ ምንም ሳትናገር ሰጠችኝ። ያን ቀን እስከ ደወሉ ድረስ ያስተማርሁት በተማሪዬ ሹራብ ነው።

ማታ ብሉዙን ገልብጬ ስመረምረው ጥፋቱ የመኪናውም የክሩም አልነበረም፤ የገበሩ ነበር። በድርና በማግ የተሠራ ጨርቅ፥ ሸማም ይሁን ፖፕሊን ወይም ተራ ሳቲን፥ በቀጥታ ቢስቡት እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ እሺ የሚለው በሰያፍ ሲጎትቱት ነው። የሹራብና የካናቴራ ጨርቅ ግን ድርና ማግ የለውም። ክሩ ቀለበት እየሠራ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሲስቡት ይሰፋል፤ ሲለቁት ይመለሳል። በዚያ ላይ ዛሬ በብዙው ጥብቅ ልብስ ውስጥ ስፓንዴክስ የተባለ ክር ይገባል። ይህን ክር የሠራው የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ነው፤ በገበያ የታወቀው ላይክራ በሚለው ስም ነው። እኔ እንግዲህ የሚለጠጠውን ጨርቅ ከማይለጠጠው ጋር አጋባሁና፥ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንቢ አለ።

ስለዚህ ገበሩ ከላዩ ጨርቅ እኩል ወይም የበለጠ መለጠጥ አለበት። ይህንም በዐይን መገመት አይበቃም፤ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማስመሪያ ያዙ። ጨርቁን በወርዱ በኩል አጥፋችሁ 10 ሳንቲሜትሩን በጣቶቻችሁ ያዙና ሳቡት። ሳይጨነቅ 13 ላይ ከደረሰ ከመቶ 30 እጅ ይለጠጣል ማለት ነው። ገበሩንም እንዲሁ ለኩት፤ 11 ላይ ከቆመ ባለሱቁ ምንም ቢምልላችሁ ተዉት። አንዳንዱ ባለሱቅ «ይሳባል እኮ!» እያለ ጨርቁን በሰያፍ ጎትቶ ያሳያል፤ በሰያፍማ ነጠላም ይሳባል።

ሁለቱንም ጨርቅ ሳትቈርጡ አስቀድማችሁ እጠቡ፤ ጥጥ ያለበት ይሰበሰባልና። ለቅዱ፥ በደንብ የሚሆናችሁን አሮጌ ካናቴራ በወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን አስምሩ፤ ለስፌት 1 ሳንቲሜትር ጨምሩበት። ይበልጥ የሚለጠጠው አቅጣጫ በገላ ዙሪያ የሚሄደው ይሁን። የሚለጠጥ ብሉዝ ከገላ ልክ ጥቂት አንሶ ነው የሚቈረጠው፤ ዳሩ ግን ገበር ያለው ሁለት እጥፍ ሆኖ ስለሚይዝ ብዙ አትቀንሱለት። ደረቷ 88 ለሆነ ሰው እኔ 86 አደርገዋለሁ። ጨርቁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቈረጥ፤ ክብደቱ ራሱ ይስበዋል።

ስፌቱ እንዲህ ነው። የላዩን ትከሻ ለብቻ፥ የገበሩን ትከሻ ለብቻ ስፉ። በላዩ ትከሻ ላይ የማይለጠጥ ቀጭን ጥብጣብ አብራችሁ ስፉበት፤ በዚህ ልብስ ላይ መለጠጥ የማይፈለግበት ቦታ ይህ ብቻ ነው፤ አለዚያ ትከሻው ይወርዳል። ከዚያ የላዩንና የገበሩን ፊት ለፊት አጋጥማችሁ አንገቱን ዙሩት። ትርፉን ቀንሱና ወደ ገበሩ በኩል አስተኝታችሁ፥ ከጫፉ 2 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ በገበሩ ላይ ብቻ አንድ መሥመር ስፉ፤ ያን ጊዜ ገበሩ በአንገት በኩል ብቅ አይልም። ገልብጡትና የክንዱን ቀዳዳ ሁለቱን ጨርቅ አንድ አድርጋችሁ በእጅ መርፌ ሸልሉት። እጅጌውን ግጠሙ፤ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ታች ድረስ ጎኑን በአንድ ጊዜ ስፉት። ስፌቱ ከውስጥ ይታያል፤ ከሚያጥበው ሰው በቀር ማን ያየዋል?

መርፌው ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሸጠው ጫፉ ደነዝ ያለ ይሁን። ስለታሙ መርፌ ቀለበቱን ይቈርጠዋል፤ ደነዙ ግን በቀለበቶቹ መካከል ይሾልካል። መኪናችሁ ዚግዛግ የሚያውቅ ከሆነ ወርዱን 1 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱን 2 ተኩል አድርጉት። የእኛ ቤቱ መኪና በእግር የሚረገጥና ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ ስለ ሆነ፥ እኔ ፖሊስተር ክር አስገብቼ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በመጠኑ ወጠር አድርጌ እይዘዋለሁ። ጨርቁ ሲመለስ ክሩ ትርፍ ይኖረዋል። አብዝታችሁ ከወጠራችሁት ግን ስፌቱ እንደ ማዕበል ይሆናል፤ መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክሩት።

የታችኛውን ጠርዝ ሳትቀመቅሙ ልበሱት። ጎንበስ በሉ፤ ከወንበር ተነሡ፤ ክንዳችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። እኔ ሁለተኛውን ብሉዝ የሰፋሁ ዕለት የበሩን መቃን ጫፍ በእጄ ዐሥር ጊዜ ነካሁ፤ እናቴ ከጓዳ ሆና «ምን ሆነሻል?» እስክትለኝ ድረስ።