የማይታየውን ብክለት እንዴት እንወቀው?

ከማሳ የመጣው እህል፣ ከላም የታለበው ወተት ንጹሕ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብዙዎቻችን አይተን፣ አሽትተን፣ ቀምሰን ነው የምንለው። ይሁንና ዓይንም፣ አፍንጫም፣ ምላስም የማይደርሱበት ብክለት አለ። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ይህንኑ ነው።

«ፒፋስ» በሚል አጭር ስም የሚጠሩት ኬሚካሎች ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸው። ምግብ የማይዝ መጥበሻ፣ ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ ዘይት የማያሳልፍ መጠቅለያ ወረቀት፣ የነዳጅ እሳት ማጥፊያ አረፋ ተሠርቶባቸዋል። ካርቦንና ፍሎሪን የተሳሰሩበት ማሰሪያ እጅግ ጠንካራ ነውና ፀሐይም፣ ዝናብም፣ ረቂቅ ተሕዋስያንም በቀላሉ አይፈቱትም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ከእነዚህ አንዱን፣ ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የተባለውን፣ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ታዲያ ወደ ማሳ እንዴት ይገባሉ? የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ በማጣሪያ ጣቢያ ሲጣራ ከታች ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው በብዙ አገሮች እንደ ማዳበሪያ ይበተናል። ጣቢያው ግን ፒፋስን አያጠፋም፤ ከፊሉ ከዝቃጩ ጋር ማሳ ላይ ይወድቃል። ከዚያም ከአፈር ወደ ጉድጓድ ውኃና ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት ይሻገራል።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሆነው ይኸው ነው። አሩንደል በተባለች ከተማ ለዓመታት በተፈቀደ ዝቃጭ ሲዳብር የኖረ የከብት እርባታ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረመር ፒፋስ በወተቱ ተገኘ። ገበሬው ሕግ አልጣሰም፤ ወተቱም መልኩና ጣዕሙ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ተቋረጠ። ሜይን እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቃጭን ማሳ ላይ መበተን በሕግ ከለከለች።

ምርመራው እንዲህ ነው። ከአፈሩ ወይም ከዝቃጩ ጥቂት ግራም ይመዘናል። መጠኑ የታወቀ፣ ክብደቱ ብቻ በጥቂቱ የተለየ ተመሳሳይ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ በሥራው መካከል የባከነው የሚታወቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ፒፋሱ በሜታኖል ታጥቦ ይወጣል፤ ከቆሻሻ ይጠራል፤ በመጨረሻም አንድ መሣሪያ ኬሚካሎቹን ይለያያል፣ ሌላው ሞለኪውሎቹን ሰባብሮ በክብደታቸው ይለያቸዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያጸደቀው 1633 የተባለው ዘዴ 40 ዓይነት ፒፋሶችን ይለካል።

ልኬቱ ምን ያህል ረቂቅ ነው? አሥር አሥር ቶን የጫኑ 100 መኪናዎች አፈር ውስጥ አንድ ግራም እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ የመርማሪው ውኃ የማያስገባ ጃኬት ወይም የቴፍሎን ክዳን እንኳ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። ምንም የሌለበት ናሙናም አብሮ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ደግሞም ፒፋሶች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸውና 40ዎቹ አልተገኙም ማለት አፈሩ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

እንግዲህ ከፍሳሽ ማጣሪያ የወጣ ማዳበሪያ በነጻ ሲቀርብልን «ከየት መጣ? የትኛው ፋብሪካ ፍሳሹን ይለቅበታል? ተመርምሯልን?» ብለን እንጠይቅ። ሰጪውም ሳይመረምር አይስጥ። አንዴ አፈር ውስጥ የገባውን ማውጣት እጅግ አዳጋች ነው፤ መሬቱ ደግሞ ለልጅ ልጆቻችን የምናስረክበው አማና ነው።