ቅጂው ሳለ መዝገቡ ስለ ምን ዘገየ?



በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡ የነበረው በእርሱ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ግን አልደነገጠም፤ ዘወትር ዓርብ በሌላ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጥ ነበርና «ነገ ይመለሳል» አለን። መዝገቡ የተመለሰው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በዚህ መካከል የልጇን የክርስትና ምስክር ወረቀት ፈልጋ ሦስት ጊዜ የተመላለሰች እናት ነበረች። የልደታ ነባር መንደሮች በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከሄዱት ቤተሰቦች ወገን ናት። ሰፈሯ የለም፤ ጎረቤቶቿም ተበትነዋል፤ ልጇ በዚህ ቤተ ክርስቲያን መጠመቁን የሚመሰክርላት ያ መዝገብ ነው። በመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ «ቅጂ አለን ካላችሁ ስለ ምን አትሰጡኝም?» አለችን።

ጥያቄዋ የእኛን አጥቢያ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ሥርዓቱ በመረጃ ዘራፊዎች ተመትቶ አገልግሎቱ ቆመ። ይህ ቤት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ በእንግሊዝ ጦር ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ያሉት በእርሱ ዘንድ ነው። በርካታዎቹ በዲጂታል ተቀርጸው ስለ ነበር፣ መጻሕፍቱን በእጃችን መዳሰስ ባንችል እንኳ በመስኮት እንደሚያይ ሰው ከሩቅ እናያቸው ነበር። ያ መስኮትም ተዘጋ። ዘራፊዎቹ ገንዘብ ጠየቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ እነርሱም የሰረቁትን 600 ጊጋባይት የሚያህል መረጃ በተኑት። ዋናው የመጻሕፍት ዝርዝር ለፍለጋ ብቻ የተመለሰው ጥር 6 ቀን፣ በዕለተ ግዝረት ነው። ተቀርጸው የነበሩት የብራና መጻሕፍት ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ወራት ቆዩ።

ቤተ መጻሕፍቱ የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የገለጠው ምክንያት ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ ይሆናል። የዲጂታል ስብስቦቹ ቅጂ በሙሉ በደኅና ተቀምጦ ነበር፤ የጠፋው ቅጂው ተመልሶ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዘራፊዎቹ ሰርቨሮቹን አጥፍተዋቸው ሄደዋል፤ ከቀደሙት ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ አርጅተው ስለ ነበር ሠሪዎቻቸው ትተዋቸዋል፤ ወይም በአዲሱ፣ ጥበቃው በጠበቀው ሥርዓት ላይ መሥራት አይችሉም። ሥንቁ በጎተራ ሞልቶ ድስትና ምድጃ እንደ ጠፋበት ቤት ማለት ነው።

በእኛም አጥቢያ የሆነው በመጠን አነሰ እንጂ ያው ነው። አዲስ ዲስክ በሁለት ቀን ተገዛ። የመዝገቡን ፕሮግራም የሠራልን ወጣት ግን ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ እንቢ አለ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለፈ። ቀጥሎ ቅጂው ራሱ አስቸገረ። ሙሉ ቅጂ የተወሰደው በመስከረም አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ የተቀመጠው የሳምንቱ ለውጥ ብቻ ነበር። ይህ አሠራር በማስቀመጥ ጊዜ ፈጣን ነው፤ በመመለስ ጊዜ ግን ዕዳው ይመጣል። ሙሉው ይቀድማል፤ ከዚያ የየሳምንቱ ለውጥ በተራው ይከተላል፤ ከመካከል አንዱ ከተበላሸ የሚከተሉት ሁሉ በምን ላይ ይቆማሉ? የእኛም የጥር ወር አንዱ ሳምንት ተበላሽቶ ተገኘ። በዲስኩም ውስጥ ቫይረስ ስለ ነበረ እያንዳንዱ ፋይል ሳይመረመር ቢመለስ አዲሱን ኮምፒውተር ሊመታው ነው። በመጨረሻ የጎደለውን ሳምንት ከገንዘብ መቀበያ ደረሰኞች እያመሳከርን ሞላነው።

ፍጥነትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቅጂያቸውን በኢንተርኔት ርቆ በሚገኝ ሰርቨር የሚያስቀምጡ ማኅበራት በዝተዋል። 4 ቴራባይት የሚሆን የጉባኤና የብራና ሥዕል በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያልፍበት መስመር ቢመለስ፣ መስመሩ ለአፍታ ሳይቋረጥ እንኳ 37 ቀን ይፈጃል። ጾመ ፍልሰታ ሁለት ጊዜ ተጾሞ ያልቃል! በዚያ ላይ አንድ ሚሊዮን ትንንሽ ፎቶ ግራፎችን መመለስ መጠኑ እኩል የሆነ አንድ ትልቅ ፋይል ከመመለስ ይልቅ ይዘገያል፤ እያንዳንዱ ተከፍቶ፣ ተጽፎ፣ ተዘግቶ ነውና።

አበው ይህን ነገር ያለ ኮምፒውተር ያውቁት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ወረራ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓ ተርፎ የተገኘው በጋይንት ቤተ ልሔም እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ ቤተ ልሔምም እስከ ዛሬ የድጓ ምስክር ቤት ናት። ይሁን እንጂ አንድ ብራና መትረፉ ብቻውን ማኅሌቱን አልመለሰም። ዜማውን በቃሉ የያዘ መምህር ያስፈልጋል፤ መምህሩን ተከትሎ ዓመታት የሚቀጽል ደቀ መዝሙር ያስፈልጋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት ማዘጋጀታቸው የሚታወስ ነው። ቁም ጽሕፈቱ በወራት ይገለበጣል፤ ንባቡን ወደ ዜማ የሚመልሰው ሰው ግን በወራት አይገኝም። የእኛም ኮምፒውተር የተቸገረው ፕሮግራሙን የሚያውቀው ሰው በመታጣቱ መሆኑን ልብ ይሏል። በዕዝራ ሱቱኤል እንደ ተጻፈውም የተቃጠለው ሕግ ሲመለስ፣ መንፈስ ቅዱስ እያናገረው እንኳ ዕዝራ 5 ጸሐፍት ይዞ 40 ቀን ተቀምጧል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ቤተ ክርስቲያናችን ከአሜሪካው የሚኒሶታ ቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብራ ያስጀመረችው ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን በማይክሮፊልም አስቀርጿል። የትኛው ፊልም ላይ ምን እንዳለ እያነበቡ ዝርዝሩን ማዘጋጀት ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንትን ለዐሥርት ዓመታት አደከመ። ዛሬ በየገዳሙ በስልክ የሚነሣው ፎቶ ግራፍ ያንን ዝርዝር የለውም፤ በፍላሽ ተደርጎ በዕቃ ቤት ቁልፍ ይቀመጥና «ተጠብቋል» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማንም ከፍቶ ያልሞከረው ቅጂ ይሠራ ዘንድ ተስፋ የተጣለበት ዕቃ ነው እንጂ ቅጂ ለመባል ገና ነው።

የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ወሰነ። የክርስትናው መዝገብ በየወሩ በወረቀት ታትሞ ይታሰራል። የፕሮግራሙ መጫኛና የአጠቃቀሙ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀመጣል። በዓመት ሁለት ጊዜም ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይፈተናል፤ ሲመለስም የክርስትናው ይቀድማል፣ የሒሳቡ ይከተላል፣ የበዓላቱ ፎቶ ግራፍ መጨረሻ ይሆናል። ስለ ቅደም ተከተሉ ብዙ ክርክር ነበር፤ ሒሳብ ሹሙ እስከ አሁንም አልተዋጠለትም። የመጀመሪያው ፈተና ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከግንቦት ልደታ በፊት የተደረገው ሁለተኛው በሁለት ቀን ተፈጸመ፤ የዚያች እናት ልጅ ስምም በተመለሰው መዝገብ ላይ ከነክርስትና አባቱ ስም ተገኝቷል።