ማን አስተማራቸው?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የደብረ ማርቆስ ባለሱቅም ሆነ ጉልት ቸርቻሪዋ ሒሳብ በስልክ ይቀበላሉ። ሌባውም ተከትሎ ገባ። አንዱ «ከቴሌ ነው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። ሌላው ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት አሳይቶ ዕቃውን ተሸክሞ ውልቅ! በተታለለው ላይ የምንስቅ አለን፤ ከመምህር የሚጠበቅ አይደለም። እትዬ የምሥጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ የሚነግሩት ማንበብ ቸግሯቸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ይዞ ገጠር ድረስ ወርዶ ነበር። ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ገበያው እኮ ቅርባችን ነው! ፊደል ባይለዩም የብሩን ቁጥር አሳምረው ያውቃሉ። ታዲያ ዕቃ ከመልቀቃቸው በፊት በገዛ ስልካቸው *127# ደውለው ቀሪ ሒሳባቸውን ራሳቸው እንዲያዩ፣ የምሥጢር ቁጥሩንም ለማንም እንዳይሰጡ በገበያ ቀን ወርደን ብናሳያቸው ምን ይከብደናል?