የመርከቦች ጥንቃቄ በጦር ወደቦች አቅራቢያ

ውጥረት ባለበት ጊዜ ወደ ጦር ወደብ የሚቀርብ መርከብ ዋናው ጥንቃቄው ማንነቱን ቀድሞ ማሳወቅ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ በየመኗ ኤደን ወደብ ነዳጅ ይሞላ የነበረውን የአሜሪካ ጦር መርከብ ኮልን መትታ 17 መርከበኞች ተገድለዋል። አሜሪካ በራሷ ውሃ ውስጥ ማንኛውም መርከብ ከጦር መርከቦቿ በ500 ያርድ (457 ሜትር ገደማ) ክልል ሲገባ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ያለ ፈቃድም ከ100 ያርድ በታች እንዳይጠጋ ታዛለች። ጥያቄው የሚቀርበው በቪኤችኤፍ ራዲዮ መስመር 16 ነው።

ራዲዮ የሌላት ጀልባስ? ሐምሌ 2004 ዓ.ም. በዱባይ ጀበል አሊ አቅራቢያ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የነዳጅ መርከብ የተተኮሰ ጥይት አንድ ሕንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ገደለ። ባሕር ኃይሉ አስጠንቅቄ ነበር ሲል፣ የተረፉት ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም አሉ።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር የሁቲ ጥቃት የሚፈሩ አንዳንድ ካፒቴኖች ስምና ቦታ የሚያሰራጨውን ኤአይኤስ የተባለ መሣሪያ ያጠፋሉ። ደኅንነት ሲያሰጋ ዓለም አቀፉ ደንብ ይህን ይፈቅዳል። ሆኖም ከአጥቂ የሚሰውረው ዝምታ ለወደብ ጠባቂ ጥርጣሬ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በሚያልፍባት ጅቡቲ የቻይና ጦር ሰፈር ከዶራሌ የንግድ ወደብ ጎን ይገኛል። እዚያ ኤአይኤሱን ያጠፋ ካፒቴን የት ላይ መልሶ እንደሚያበራው ከመድረሱ በፊት መወሰን አለበት።