ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ስለሚወርደው ሠራተኛ

ክረምት ሲገባ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ ብዙ ሰው የራሱን ማሳ ዘርቶ ለአረም ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል፤ በመስከረምና በጥቅምትም የሰሊጡ አጨዳ ሲደርስ ሌላው ይከተለዋል። ያባቱ መሬት ለወንድማማች ተከፍሎ የጠበበበት፣ ለማዳበሪያ የተበደረውም ገንዘብ ያልተከፈለለት ሰው ከዚህ በቀር በቅርብ ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ እምብዛም የለውም። ይህ ሰው የማን ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን የደጋው ሹም ካገሬ ወጥቷል ይላል፤ የቆላው ሹም በመዝገቤ የለም ይላል፤ ባለ እርሻውም ያመጣው ደላላ ነው ብሎ ይመልሳል።

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ የሚጠብቅ እህል አይደለም። በጊዜው ያልታጨደ እንደ ሆነ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋልና የባለ እርሻው የዓመት ድካም በጥቂት ቀን ውስጥ በሠራተኛው ማጭድ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው ውል አፍርሶ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄደብን የሚለው አቤቱታም የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን በቃል ብቻ የተደረገ ውል ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ሳሉግ የሚባለው፣ በቆላው የከረመው ሠራተኛ፣ ዋጋውንም ሰዉንም ያውቃል፤ አዲስ የወረደው ግን ከደላላው የሰማውና በመጨረሻ የሚቈጠርለት ገንዘብ ባይስማሙ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ውሉ በጽሑፍ ያልሆነ እንደ ሆነ አሠሪው ቃሉን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። አጨዳው ግን 15 ቀን ሳይሞላ ሊያልቅ ስለሚችል ወረቀቱ ሥራው በተጀመረበት ቀን ካልተሰጠ በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የመኝታው ነገር ይከፋል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ሲመሽና በሌሊት ነው። ቀን ሲያጭድ የዋለውም ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከግራሩ ሥር ያለ አጎበር ይተኛል። በሽታው ከወራት በኋላ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ሆኖ ይገለጣል፤ ያልታከመውንም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። እንግዲህ ሠራተኛው መታመሙን የሚያውቀው ካገሩ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነው ይህን ያሳያል። በሽታው ቀድሞ ባልታወቀበት በዚህ ደጋ አገር ብዙ ሰው ታመመ፤ በመጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ መሰለ፤ ቆይቶ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ተያዙ። ነገሩን የመረመሩት ሐኪሞች ከመተማና ከሑመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ገምተዋል። ካገሬ ወጥቷል የሚለው ሹም ይህን ቢያስብ ይበጀዋል።

ስለዚህ ባለ እርሻው ከግራር ርቆ ዳስ መሥራት፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበርም መስጠት ይገባዋል፤ ያንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ ለብዙ አጎበር ይበቃልና ወጪው ከበደ ማለት አያስኬድም። ጋላባትን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ለሚዘልቀው ሠራተኛ ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ስለ ተነሣ፣ አደጋው ሳይሄድ በፊት ሊነገረው ያስፈልጋል። የደጋው ሹም ደግሞ በሰኔ መዝገብ ከፍቶ የወራጁን ስም፣ የሚሄድበትን እርሻና የደላላውን ስም ይጻፍ፤ በኅዳርም መዝገቡን እንደገና ገልጦ ከተመለሱት መካከል ትኩሳት ያልለቀቀውን ሁሉ ከቆላ መምጣቱን በወረቀት አስታውቆ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።