ያልተሰረቀው ጠረጴዛ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ፣ ቴምፕል ኒውሳም በሚባለው ጥንታዊ መኖሪያ ቤት የሚታወቅ አንድ ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ አለ። የሠራው በ1770ዎቹ መጀመሪያ ገደማ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዘመኑ ስመ ጥር የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ቺፐንዴል ነው። ከሩቅ ላየው በቀለም የተሳለ ይመስላል። ሥዕል ግን አይደለም፤ መልካቸው የተለያየ ስስ የእንጨት ልጣጮች በጌጥ ቅርጽ ተቆርጠው፣ አንዱ ከሌላው ተገጣጥመው የተለጠፉበት ነው። ባለሙያዎቹ ማርኬትሪ ይሉታል።

የባለቤትነት ታሪኩ አጭር ነው። ያሠራው ኤድዊን ላሰልስ የተባለ ባለጸጋ ነው፣ ሃርዉድ ለተባለው አዲስ ግዙፍ ቤቱ። ቤተሰቡ ለ200 ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። በ1965 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ቀረበና የሊድስ ከተማ በ41 ሺህ ጊኒ፣ ማለትም በ43,050 ፓውንድ ገዛችው። ሌባ የለበትም፤ ዘራፊም የለበትም።

ኢትዮጵያውያን ስለ ቅርስ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን መቅደላ ነው። (ልዑል ዓለማየሁም የሞተው በዚችው በሊድስ ነው፣ በ1879።) የመቅደላው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ በጉልበት የተወሰደ ይመለስ። ይህ ጠረጴዛ ግን ሌላ ጥያቄ ይፈልጋል። እንዴት ተወሰደ ሳይሆን፣ በማን ገንዘብ ተሠራ?

የኤድዊን አባት ሄንሪ ላሰልስ በባርቤዶስ የጉምሩክ ሹም ነበር። በስኳር ንግድ፣ በባሪያ ንግድ እና ለእርሻ ባለቤቶች በሚሰጠው ብድር ከበረ። ልጁ ሀብቱን ወረሰ፤ ቤቱ የተሠራው፣ የዕቃው ሂሳብ የተከፈለው ከዚያ ነው። አናጺው ላይ ጣት መቀሰር አይገባም፤ ቺፐንዴል ራሱ ክፍያ ከሚያዘገዩ መኳንንት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው።

የሚያሳፍረው የመጣው በኋላ ነው። ብሪታንያ በ1833 ባርነትን ስትሽር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች። ካሳው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር። የሃርዉዱ ጌታ በባርቤዶስና በጃማይካ ለነበሩት 1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ሰዎቹ ሳንቲም አላገኙም፤ ይባስ ብሎ እስከ 1838 ድረስ "ተለማማጅ" ተብለው እዚያው ሲሠሩ ቆዩ። ለካሳው የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፤ የዘመናችን ግብር ከፋይ ከፍሎታል ማለት ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ ሲደመር እንዲህ ይሆናል፦ ቤተሰቡ መጀመሪያ ከባሪያ ጉልበት አገኘ፤ ቀጥሎ ከመንግሥት ካሳ ተቀበለ፤ በ1965 ደግሞ ጠረጴዛውን ለከተማው ሕዝብ ሸጠ። አንዱም ሕገ ወጥ አልነበረም።

"የዛሬዋ ሊድስ ምን አጠፋች?" የሚል ይኖራል። አላጠፋችም። የዛሬው የሃርዉድ ጌታ ዴቪድ ላሰልስም ቢሆን የአያቶቹን ሀብት ምንጭ በአደባባይ ይናገራል፤ በ2023 የባሪያ አሳዳሪ ዘሮች ካሳን እንዲደግፉ የሚጠይቀውን ቡድን ተቀላቅሏል። ጠረጴዛው ይቃጠል፣ ወይም ወደ ባርቤዶስ ይጫን የሚለው ሐሳብም ለማንም አይፈይድም። ሊለወጥ የሚገባው የጥንት ዕቃ ገበያው ልማድ ነው። በጨረታ መዝገብ "የባለቤትነት ታሪክ" ሲባል የገዢና የወራሽ ስም ብቻ ይደረደራል። ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው አንድ መስመር እንኳ አያገኝም።

መረጃ ጠፍቶ አይደለም። ካሳ የተቀበሉት ጌቶች ስም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው። የባሪያዎቹ መዝገብ ደግሞ በኪው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከነዕድሜው።