ቆቡ ተለግሷል፤ የሚገለገሉበትን ዋጋ ማን ይክፈል?

በአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ክፍሎች የራስ ቆዳ ማቀዝቀዣ ቆብ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የኬሞቴራፒው መድኃኒት መሰጠት ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ የራስ ቆዳ ይቀዘቅዛል፤ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ወደ ፀጉር ሥር የሚደርሰውም መድኃኒት ይቀንሳል። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን መሣሪያ ለጡት ካንሰር ታካሚዎች የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ነው። በ2017 በታተሙ ሁለት ጥናቶች ቆቡን ካጠለቁት ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ ግማሽ ፀጉራቸውን ሲያተርፉ፣ ካላጠለቁት መካከል ግን ይህን ያህል ያተረፈች አንዲትም አልነበረችም።

መንገዱን ቀድመው የጠረጉት ለጋሾች ናቸው። በ2009 በሚኒሶታ የተቋቋመው ራፑንዘል ፕሮጀክት ቆቦቹ የሚቀመጡባቸውን ማቀዝቀዣዎች ለሆስፒታሎች ሲያስገኝ፣ ሄርቱስቴይ የተባለው ድርጅት ደግሞ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች የክፍያ ድጎማ ይሰጣል። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ መሣሪያውን ስላገኘ ብቻ ታካሚዋ ትገለገልበታለች ማለት አይደለም። ለሙሉው ሕክምና አንዲት ታካሚ በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ትጠየቃለች፤ የመድን ድርጅቶችም ጉዳዩን የውበት ጥያቄ አድርገው ሲመልሱት ኖረዋል።

የውበት ጥያቄ አይደለም። ካንሰር በሹክሹክታ በሚነገርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ራሷ የተመለጠ ሴት ሕመሟን ለማንና መቼ እንደምትናገር የመወሰን ዕድሏን ታጣለች። የተላጨ የሴት ራስ ሐዘንን በሚያመለክትበት ባህል ያደገች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የመርዶ ምልክት በራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ሥራና ወደ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ትገደዳለች። የፀጉርን መርገፍ ፈርተው ሕክምናውን እስከ መተው የሚደርሱ ታካሚዎች መኖራቸውን ሐኪሞች ያውቁታል።

ኒው ዮርክ በዚህ ረገድ ቀዳሚ ሆናለች። በ2024 የጸደቀው ሕጓ ትላልቅ የቡድን የጤና መድን ውሎች ከጥር 2026 ጀምሮ የቆቡን ወጪ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ለሌሎች ክልሎች ሕግ አውጪዎች ጥሩ መነሻ ነው፤ ቅጂው ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። የታክሲ ሾፌሩ፣ የአነስተኛ ሱቅ ባለቤቷና በግሏ መድን የምትገዛው የቤት ለቤት ተንከባካቢ በትላልቅ የቡድን ውሎች ውስጥ አይገኙም። ሠራተኞቻቸውን በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑ ትላልቅ አሠሪዎችም በ1974ቱ የፌዴራል የሠራተኞች ጥቅም ሕግ መሠረት ከክልል የመድን ግዴታ ውጭ ናቸው። ይህን ክፍተት ኮንግረስ እንጂ የክልል ምክር ቤት አይዘጋውም።

ከገንዘቡ ይልቅ ብዙም የማይነሳው የፀጉሩ ዓይነት ነው። ቆቡ የሚሠራው የራስ ቆዳን በሚገባ ሲነካ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለና ከርዳዳ ፀጉር ቅዝቃዜው ከቆዳው እንዳይደርስ ይከለክላል። በ2021 በታተመ በጥቁር የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ምርምሩ ከታቀደለት የተሳታፊ ቁጥር ሳይደርስ ቆሟል። ጥናቱ የተካሄደው ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የኢትዮጵያውያን ቁጥር ከፍ ባለበት በዋሽንግተን ነው። በብሮንክስ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ፀጉሩን አስቀድሞ በሹሩባ መጎንጎንን፣ ወይም በውኃና በፀጉር ማለስለሻ አርሶ ማስተኛትን ሞክረዋል። እናቶች ለዘመናት በደጃፍ ሲሠሩት የኖሩት ሹሩባ የምርምር ርዕስ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ መዘግየቱ ግን ያሳዝናል።

ስለዚህ የሕግ ረቂቅ የሚያዘጋጁ የምክር ቤት ባልደረቦች ሽፋኑን ወደ ሜዲኬይድ፣ ወደ አነስተኛ ቡድንና ወደ ግለሰብ ውሎች ሊያሰፉት ይገባል። ሆስፒታሎችም ውጤቱን በፀጉር ዓይነት ለይተው እንዲያሳውቁ ረቂቁ ሊጠይቅ ይችላል። ለጋሾችን በተመለከተ፣ አንድ ተጨማሪ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ሹሩባ መሥራት የምታውቅ ባለሙያ ሕክምናው በሚሰጥበት ቀን ማለዳ በክፍሉ እንድትገኝ የሚያስፈልገውን ክፍያ ቢሸፍኑ፣ ቆሞ የሚውለው መሣሪያ ለእነዚህ ታካሚዎችም ሥራ ያገኛል።